ገጹን አይዝጉ፣ አይሂዱ

ሰኞ፣ የካቲት 10

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፤ ገጹ አልተበላሸም። ቀርፋፋ ነው እንጂ ይሠራል። ይህን ዛሬ ለሦስት ሰዎች በቃል አስረድቻለሁ፤ አራተኛው ሳይመጣ ልጻፈው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀድሞ ተማሪያችን በስልኩ የትምህርት ቤቱን ድረ ገጽ ይከፍታል። ስሙን እስከ አያት፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰበትን ዓመት፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የሚኖርበትን ከተማ፣ ማስረጃውን የፈለገበትን ምክንያት ይሞላል። ከዚያ «ፈልግ» የሚለውን ይጫናል። ጥያቄው ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ወደተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ይሄዳል። እዚያ ውስጥ እኔና ሁለት ጡረተኛ ባልደረቦቼ ዓመት ሙሉ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳናቸው፣ የተማሪ ውጤት የተመዘገበባቸው የድሮ ሮስተሮች አሉ። ኮምፒውተሩ ስሙን ይፈልጋል፣ የሮስተሩን ፎቶ ያወጣል፣ ይልካል። ይህ ሁሉ ደቂቃዎች ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው የሚያየው ነጭ ገጽ ነው። አንድ ፊደል እንኳ የለበትም።

ሰይድ ሱቁን ዘግቶ ቤት ድረስ መጣ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ገበያው ዳር ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል።

«ጋሼ፣ ያ ነገራችሁ ጣቴን አዛለው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

«ስንት ጊዜ ተጫንከው?»

«ሠላሳ፣ አርባ… ማን ቆጠረ!»

«አንዴ ነው የሚጫኑት።»

«አንዴማ ተጫንኩ፤ ዝም አለኝ። እርስዎ እንኳ ክፍል ውስጥ ዝም ሲሉ ቢያንስ ያፈጡብን ነበር።»

አሳቀኝ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። በተጫኑት ቁጥር ኮምፒውተሩ ሥራውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሠላሳ ጊዜ የተጫነ ሰው ሠላሳ ሰው ሆኖ ይሰለፋል ማለት ነው፤ ከኋላው ያለውም ይዘገያል።

ከሰዓት ገነት ዘንድ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ገጹን የሠራችው እሷ ናት። እሷም ተማሪዬ ነበረች። በነጩ ገጽ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ካዘጋጀች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ «እባክዎ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቁ» የሚል። ያገድኩት እኔ ነኝ። ጥቂት ሰከንድ አይደለማ። ያልለካነውን ነገር ለሰው ቃል አንገባም አልኳት።

«ጋሼ፣ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ዓለም ለክቶ ይሆናል።»

እስከ ዓርብ በሰዓት ለክቼ ትክክለኛውን እንደማመጣላት ነገርኳት። ጽሑፉ ሦስት ሳምንት የዘገየው በእኔ ምክንያት መሆኑን እዚህ ልመዝግብ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የዛሬ ልኬት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በእጅ ሰዓቴ፦

ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ።
አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ከአሥር።
ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ሊሞላ አምስት ሰከንድ ሲቀረው።
ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ።
ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ፤ አልለካሁም።

ለምን እንዳልለካሁ ልጻፍ።

መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ገነት እስካሁን የሞከሩትን ሰዎች ዝርዝር አትማ ሰጥታኝ ነበር። ስም፣ ዓመት፣ የመጡበት ቀን፣ ስንት ሰከንድ ጠብቀው እንደወጡ። ሰው በነጭ ገጽ ፊት ምን ያህል እንደሚታገሥ ማወቅ ፈልጌ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስጠጋሁ ወረድኩ። አብዛኛው ሰው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ይወጣል።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ማስመሪያዬ ቆመ። ትርንጎ አያሌው ካሴ።

ትርንጎ ልጄ ናት። ድምፅዋን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችበት ዓመት ልክ ነው። የአያቷ ስም ልክ ነው። አራት ጊዜ መጥታለች፦

ጥር 29፣ ሃያ ሰከንድ።
የካቲት 2፣ ሠላሳ አምስት።
የካቲት 6፣ ሃምሳ።
የካቲት 9፣ ማለትም ከትናንት በስቲያ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ።

በየጊዜው መጠበቋን እየጨመረች ነበር። እኔ ከለካሁት ሁሉ አጭሩ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ነው። በዚያ ቀን ስንት ይፈጅ እንደነበር አላውቅም። አሥር ሰከንድ ብቻ ቀርቷት ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱን ለገነት አሳየኋት። ስሙን አየች፣ እኔን አየች።

«ስልኳንስ ሞልታ የለም?» አልኳት።

«ፍለጋው ሳያልቅ ከወጡ አይቀመጥም፣ ጋሼ። ስምና ዓመት ብቻ ነው የሚቀረው።»

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ለባለቤቴ ለየሻረግ አልነገርኳትም። ራት ላይ «ምነው አልበላህም?» አለችኝ። ጥርሴን አመመኝ አልኩ። ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ጠዋት ነገርኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ባለቤቴ ማንበብ አይቸግራትም፤ ቢሆንም ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?»

«የጠበቀችው ነው። በሰከንድ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ደጅ ቆማ ስትቆረቁር አንተ ሰዓት ይዘህ ትቆጥራለህ?»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ገነት ጽሑፉን አዘጋጅታ እንደነበረ፣ እኔ አይሆንም እንዳልኩ ጨምሬ ነገርኳት። ልደብቃት እችል ነበር። መደበቅ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይሆንብኛል።

«ውሸትም ቢሆን ብታስጽፈው ምን ነበር!» አለች። «አንድ ቃል ብታይ ትቀመጥ ነበር። ልጄ እኮ አንድ ቃል ነው የሚበቃት።» ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። እስከ ምሳ አልተመለሰችም።

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ትርንጎ አሥረኛ ክፍልን ወደቀች። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ዐረብ አገር ልሂድ አለች። በሕጉ መንገድ ለመሄድ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ይጠየቅ ነበር። ሰርተፍኬቱ የእኔ ሣጥን ውስጥ ነበር። አልሰጥም አልኩ። አልሰጥም እንኳ አላልኩም። ቆዪ አልኩ።

ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች በሩን ተደግፋ ትቆም ነበር። «አባዬ፣ ወሰንክ?» ትለኛለች። የማርመውን ደብተር ሳልዘጋ «ቆዪ» እላታለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ አልነገርኳትም። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። በዚያው ጊዜ እኔ ኮሌጁ ውስጥ የማታ ትምህርት ቦታ እየጠየቅኩላት ነበር። ሰኞ መልስ እንሰጥሃለን ብለውኝ ነበር። ቁርጥ ያለ ነገር ሳልይዝ ልነግራት አልፈለግሁም። ያልጨበጡትን ለልጅ ቃል መግባት ነውር ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ሄደች። ደላላው ወረቀት የማይጠይቅ መንገድ አገኘላት። ያ መንገድ ምን እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱን ብሰጣት በአውሮፕላን ትሄድ ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ ለጎረቤት ደወለች። በሕይወት መኖሬን ለእናቴ ንገሩልኝ ብላ ዘጋች። ይኸው ነው። ሌላ የምናውቀው ነገር የለም።

ኮሌጁ በነጋታው ሰኞ ቦታ አለ ብሎኛል። ይህን ለየሻረግም ነግሬያት አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔም እሄዳለሁ» አለች። ትምህርት ቤቱን ከረገጠች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ገነት ወንበር አመጣችላት።

ልኬቱን አቀረብኩ፤ እስከ ሦስት ደቂቃ። ጽሑፉን አብረን አወጣን። አንድ ጥያቄ ግን አከራከረን። እኔ ከጽሑፉ ሥር ስሜ ይግባ አልኩ፤ ሮስተሮቹን የሚያገላብጠውና የሚጠይቁትን የሚያስተናግደው አያሌው ካሴ ነው ተብሎ። ሰው ማን እንደሚያስጠብቀው ማወቅ አለበት።

የሻረግ ወደ ገነት ዞረች፤ እኔ የሌለሁ ይመስል። «ልጄ፣ ስሙን አታስገቢ። ስሙን ካየች ትዘጋዋለች።»

«እትዬ የሻረግ፣ ጋሼ እኮ እዚሁ ናቸው።»

«አውቃለሁ። ይስማ።»

ሰማሁ። ስሜን ካየች ትሄዳለች። ካላየች ትጠብቃለች፣ ስልኳ ይቀመጣል፣ እንደውልላታለን። ማጥመድ ነው። ልጄን በማታውቀው ነገር ማጥመድ። ይህን አልኩ። የሻረግ «እና ትሂድ?» አለችኝ። ከዚህ በኋላ አልተከራከርኩም። ስሜ ቀረ።

ገነት ጽፋ ጮክ ብላ አነበበችልን፤ «ፍለጋው ተጀምሯል። የድሮ ሮስተር ስለሚገለጥ እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። አንዴ መጫን ይበቃል። ገጹን አይዝጉ።»

«አይሂዱም በይበት» አለች የሻረግ።

«ገጹን አይዝጉ ካልን ያው ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ያው አይደለም። እሱንም ተይው፣ ይኼንንም ጨምሪው።»

ገነት እኔን አየች። አንዱ ይበቃል ብዬ መሰረዝ ልማዴ ስለሆነ። ይጨመር አልኩ። «ገጹን አይዝጉ፣ አይሂዱ» ሆኖ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። የሻረግ በገነት ስልክ ራሷ ሞከረችው። የራሷን ስም አስገብታ ሦስት ደቂቃ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። እሷ እዚህ አልተማረችም፤ ምንም እንደማይመጣ ታውቃለች። «ጥሩ ነው፤ ያስቀምጣል» አለች።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ከአማኑኤል ከተማ አንድ ሰው ጠብቆ አገኘ። ከሉማሜ ሁለት። ሰይድ ደወለ፤ «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ተጫንኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅኩ። ወጣልኝ! ሒሳብ ስንት እንደሰጡኝም አየሁ። አይ ጋሼ፣ ያን ጊዜም አያዝኑም ነበር።» ዛሬ ከሞከሩት አሥራ አራት ሰዎች አሥራ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ቆይተዋል።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውል ነበር።

እሷ አልመጣችም። በየአምስት ደቂቃው ለገነት እየደወልኩ አስቸገርኳት። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ስትመጣ እኔው እደውላለሁ» አለችኝ፤ በትሕትና። የሻረግ የጾም ወጥ ሠርታ አስቀምጣለች። ማናችንም አልነካነውም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ገብታለች። ጨርሳለች። ሁለት ደቂቃ ከሃያ አምስት ጠብቃለች።»

የሻረግ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታደርግ ወጣን። ገነት አትማ ጠበቀችን። የሞላችው ሁሉ አለ። የምትኖርበትን ከተማ ባዶ ትታዋለች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለሥራ ቅጥር፤ ዋናው እስከ የካቲት 20 እንዲቀርብ ተጠይቄያለሁ» ብላለች። አጻጻፏ አልተለወጠም፤ አጭርና ንጹሕ ነው። ስልክ ቁጥሩ የዚሁ አገር ቁጥር ነው።

«እዚሁ ናት?» አለች የሻረግ። «አገሯ ገብታለች?» ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማን ይነግረናል። እኛ ባሕር ማዶ እያሰብናት፣ እሷ ምናልባት በአውቶቡስ አንድ ቀን ርቀት ላይ ነበረች፤ አልመጣችም።

ከዚያ ገነት ሁለተኛውን ወረቀት ሰጠችኝ፤ ትርንጎ ያየችውን። የሮስተሩ ፎቶ ነው። እኔው ራሴ ያነሳሁት። ስሟ፣ ውጤቷ፣ መጨረሻ ላይ ምርመራ የሚለው ዓምድ። በዚያ ውስጥ «ዋናው ሰርተፍኬት ለአባት ተሰጥቷል» ይላል። ከጎኑ የእኔ ፊርማ አለ።

ሳምንቱን ሙሉ የተጨነቅነው እንድትጠብቅ ነው። ጠብቃ ምን እንደምታገኝ አንዳችንም አላሰብንም። ስሜን ከገጹ ላይ አስቀርተን፣ ሁለት ደቂቃ ከሃያ አምስት ሰከንድ አስቀምጠን፣ በመጨረሻ ፊርማዬን ሰጠናት።

ትምህርት ቤቱ ምትክ መስጠት አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መልሱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዋናው ጠፋ ብሎ የፈረመው ሰው ካላመለከተ ምትክ አይሰጥም። ዋናው ደግሞ አልጠፋም።

የሻረግ እዚያው ደወለች። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የመጀመሪያው ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ሁለተኛው ተነሣ። የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ትርንጎዬ» አለች የሻረግ።

«…እማ?»

«እናትሽ ነኝ። እናትሽ ነኝ፣ ልጄ። ደኅና ነሽ? ትበያለሽ? የት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። እማ፣ አታልቅሺ። ደኅና ነኝ እኮ።» ድምፅዋ ወፍሯል። የትልቅ ሴት ድምፅ ነው። ከዚያ «እሱ አለ?» አለች።

የሻረግ አየችኝ። ገነት መሬት መሬት ታያለች። የለም በያት ብዬ በእጄ ብጠቁም ትቀጥል ነበር። እጄ አልተነሣም። ልዋሽ አልፈለግሁም ይሁን፣ እንድታውቀኝ ፈልጌ ይሁን፣ ለራሴም አልለየልኝም።

«አለ» አለች የሻረግ።

ስልኩ ተዘጋ። ስንደውል ዝግ ነው ይላል።

መንገድ ላይ የሻረግ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ብቻ «የለም ማለት እንዴት አቃተኝ» አለች፤ ለራሷ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። ሰርተፍኬቱ አለ። ፎቶዋ ላይ ያለው ማኅተም ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

እሑድ፣ የካቲት 16

የሻረግ ኪዳነ ምሕረት ሄዳለች። እኔ አልሄድኩም።

ከጠዋት ጀምሮ በስልክ የሚላክ መልእክት ስጽፍ ነበር። የመጀመሪያው በጣም ረዘመ፤ ስለ ኮሌጁ ቦታ፣ ስለዚያ ሰኞ ሁሉ ነበረበት። ሰረዝኩት። ልክ እንደነበርኩ ለማስረዳት የጻፍኩት ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ውስጥ «ብትመጪ» የሚል ነበረበት። እሱንም ሰረዝኩ፤ ወረቀቷን በመምጣት መለወጥ ይሆንብኛል። ሦስተኛውን ሦስት ሰዓት ላይ ላክሁት። አሁን ስድስት ሰዓት ነው። ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም። ቃሉ እንዳይጠፋ እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«ትርንጎ፣ አባትሽ ነኝ። ሰርተፍኬትሽ በእጄ ነው። አልጠፋም፣ አልተቀደደም። ያንቺ ነው፤ ያን ጊዜም ያንቺ ነበር። መከልከሌ ጥፋት ነው፤ ምክንያቴን ሳልነግርሽ በር ላይ ማቆሜ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ጥፋት ነው። በሄድሽበት መንገድ ያገኘሽን ሁሉ አላውቅም፤ የላክሁሽ እኔ እንደሆንኩ ግን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ዛሬ አልጠይቅሽም። እስከ የካቲት 20 ማቅረብ አለብሽ፤ ዛሬ 16 ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ሌላ ቦታ ከሆንሽ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ነገ መላክ አለበት። እኔ ይዤው አልመጣም፣ አልደውልልሽምም። ለእኔ መጻፍ ካልፈለግሽ ለእናትሽ ጻፊ፤ ለእሷም ካልሆነልሽ ወረቀቱን ያገኘሽበት ገጽ ላይ ለምትሠራው ለመምህርት ገነት ጻፊ፤ ቁጥሯን ከሥር አስቀምጫለሁ። የከተማሽን ስምና የሚቀበልልሽን ሰው ስም ብቻ። እባክሽ፣ ልጄ፣ ቶሎ መልሺልኝ።»